ያልተሰነጠቀው ገንቦ

ተረት ላውጋችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

አንበሳ እንስሳትን ተራራ ላይ ሰብስቦ፣ «በሙያው ትልቅ ደረጃ የደረሰ ይናገር፤ ይህ ማር የሞላ ገንቦ የእሱ ነው» አለ።

ፈረስ ደረቱን ነፍቶ፣ «በሩጫ የቀደመኝ የለም!» አለ። ንስርም፣ «እኔ ደመናን ከላይ ሆኜ አይቻለሁ» አለች።

የሸክላ ሠሪዋ አህያ ቀና ብላ፣ «እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንስራ ገበያ አውርጃለሁ። አንድም አልተሰበረብኝም» አለች።

ፈረስ ከት ብሎ ሳቀ። «ምንም አለመፈጠሩ ነው ሙያሽ?»

ዳኝነቱ ሳያልቅ ዝናብ መጣ። ማሩን ይዞ መውረድ ግድ ሆነ። ንስር ገንቦውን ማንሳት አቃታት። ፈረስም ጭቃውንና ገደሉን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁሉም ወደ አህያዋ ዞሩ።

«መጀመሪያ ጀርባዬ ላይ ጭድ ጎዝጉዙ» አለች። «ደግሞ ከኋላዬ ማንም እንዳይነዳኝ!»

ከዚያ ገንቦውን ተሸክማ፣ አንዱን እግሯን አጽንታ ሌላውን እያነሳች ወረደች።

ታች ሲደርሱ አንበሳ ገንቦውን ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ስንጥቅ የለውም። «እንግዲህ ማሩ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ፈረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አህያዋን፣ «እግርሽን እንዴት ነበር ያስቀመጥሽው? እስቲ አሳዪኝ» አላት።

እሷም ጆሮዎቿን አቁማ ከፊት ከፊቱ ሄደች።

እኔም ተረቴን ሳልሰብር አደረስኳችሁ።