የተሸጠችው ደቂቃ

በአንድ ወቅት፣ ኳስ ገና የሰፈር ልጅ ሳለች፣ ድርና ማግ የሚባል ቡድን ነበር። የክር ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት፣ ነጭ ላይ ሰማያዊ ሰረዝ ያለው ማልያ የሚለብስ፣ ከማሸነፍ ይልቅ አቻ መውጣት የሚቀናው ቡድን። አትሳቁ። ደጋፊው ግን ደጋፊ ነበር።

የዚህ ደጋፊ አስጨፋሪ ጋሽ አጥናፉ ይባላሉ። የነሐስ ጡሩምባቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲገቡ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ እንኳ አጨብጭቦ ይቀበላቸዋል። ስታዲየሙ ያለው አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ሰው ከታች ጀምሮ ይሞላዋል፤ የላይኛዋ እርከን ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። የሞቱት ደጋፊዎች ቦታ ናት። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ አጥናፉ ጡሩምባውን ይነፉና የሙታኑን ስም በየተራ ይጠራሉ። ሕዝቡም ለእያንዳንዱ ስም «አለ!» ብሎ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ የሚጠሩት ሁልጊዜ አንድ ስም ነው፤ «ሙሴ አጥናፉ!» የገዛ ልጃቸው። ቡድኑ ከሜዳው ውጪ ሲጫወት ሊደግፍ ሲሄድ አውቶቡሱ ገደል ገብቶ ነው የሞተው። «አለ!» ይላል ደረጃው ሙሉ ሰው፤ ጋሽ አጥናፉም ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው ይቀመጣሉ። ልጃቸውን የቀበሩት ሌላ ቦታ ነው፤ የሚያገኙት ግን እዚያ ነበር።

ጡሩምባው የራሱ ሥርዓት አለው። ከሕያው እጅ ወደ ሕያው እጅ ይተላለፋል እንጂ ከሟች ራስጌ አይነሳም። የያዘው ሰው ሳያስረክብ ከሞተ ጥሪው ከእሱ ጋር ይቀበራል።

ኋላ ኳስ ከሰፈር ወጥታ ገበያ ዋለች። ፋብሪካው ተዘጋ፤ ቡድኑ ሊፈርስ ሲል አንድ የውርርድ ድርጅት መጥቶ ገዛው። ነጩ ማልያ ብርቱካናማ ሆነ፣ ድርና ማግ የሚለው ስም ተፍቆ የድርጅቱ ስም ተተካበት። ያንን ስም አልነግራችሁም፤ እኔ በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ያቺ ደቂቃም ተሸጠች።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አጥናፉ ጡሩምባቸውን ወደ ከንፈራቸው ሲያስጠጉ ድምፅ ማጉያው አምባረቀ። «ዛሬውኑ ይወራረዱ! ዕድልዎን ይሞክሩ!» የነፉትን ራሳቸውም አልሰሙትም። ማስታወቂያው ሲያልቅ ደቂቃዋም አለቀች፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ያኔ ነው ከበላያቸው፣ ከላይኛዋ እርከን፣ የሙሴን ድምፅ የሰሙት።

«አባዬ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ?»

ክው ብለው ዞሩ። እርከኗ ላይ ለክብር እንግዳ ተብለው የተተከሉ ብርቱካናማ ታጣፊ ወንበሮች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም እንደታጠፉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ድምፁ አልለቀቃቸውም። በየጨዋታው ይጠይቃል። ቤት ድረስም ተከትሏቸው መጣ። ለምሳ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ፣ «አባዬ፣ ዛሬም የለም?» ይላቸዋል። ቁጣ ቢኖርበት በስንት ጣዕሙ! ቁጣ የለበትም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በዚህ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የማጉት የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጨርሶታል። ሐኪሙ ጡሩምባ እንዳይነፉ ከለከላቸው። ጭንቀታቸው ገባችሁ አይደል? ሞት አይደለም ያስፈራቸው። ነገ እሳቸውም እዚያች እርከን ላይ ከልጃቸው ጎን ይቀመጣሉ፤ የሚጠራቸው ከሌለ አባትና ልጅ እየተያዩ «ጨዋታ የለም እንዴ?» ሲባባሉ ሊኖሩ ነው። እናም ጡሩምባውን የሚረከብ ሰው መፈለግ ጀመሩ። ሦስት ሰዎች ለእኔ ይገባል አሉ።

አንዷ ወይንሸት ናት፤ የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ። ደቂቃዋን የሸጠችው እሷ ነች! ቆይ፣ አትቸኩሉባት። ድርጅቱ ሲመጣ ሐሳቡ የሲሚንቶውን ደረጃ አፍርሶ በቦታው ሱቅ መደርደር ነበር። ማፍረሻው መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር ይባላል። ወይንሸት ሰዎቹ ፊት ቆማ «ደቂቃዋን ውሰዱ፣ ደረጃው ግን አይነካም» አለችና ፈረመች። ያን ሰሞን ያልሰደባት አልነበረም፤ እናቷ እንኳ አኩርፋት ከረመች። እሷ ግን ጋሽ አጥናፉ ቤት ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቤታቸው ከሚፈርስ ሳይጠሩ ቢቆዩ ይሻላል ብዬ ነው» አለቻቸው። «ደቂቃ ትመለሳለች። ደረጃው አንዴ ከፈረሰ ግን የት ብለው ይመጣሉ?»

ጋሽ አጥናፉ ሊቆጧት ነበር፤ አንጀታቸው እምቢ አላቸው።

ሁለተኛው ሲራጅ ነው፤ የድርና ማግ የቀድሞ ግራ ተከላካይ። እሱ ብርቱካናማውን ማልያ ባየ ዕለት «ይህ የእኔ ቡድን አይደለም» ብሎ ከስታዲየሙ ወጣ፤ ግማሹ ደጋፊም ተከተለው። የፋብሪካው አሮጌ የጥጥ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ለቅመው፣ ጎል ተክለው፣ በድሮው ስምና በድሮው ማልያ አዲስ ቡድን አቋቋሙ። እዚያ ማስታወቂያ የሚባል ነገር ዝር አይልም። ሲራጅ በየእሑዱ ከጨዋታ በፊት የሙታኑን ስም አንድም ሳያስቀር ይጠራል፤ ሙታኑን በዓይናቸው ያላዩ ልጃገረዶችና ጎረምሶች ስሞቹን እንደ ፊደል በቃላቸው ይይዟቸዋል። አንድ እሑድ ጋሽ አጥናፉን ወሰዳቸው።

«ሙሴ አጥናፉ!» አለ ሲራጅ።

«አለ!» አለ ግቢው።

ጋሽ አጥናፉ ጆሯቸውን ጣሉ፤ የመጣ ድምፅ ግን የለም። አጥርና ባሕር ዛፍ ብቻ። እዚያው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «ስሙን ጠራህልኝ፣ ተባረክ» አሉት። «ልጄ ግን ይህን ሜዳ አያውቀውም።»

«ጋሼ፣ እዚያ ቤት አላቸው፣ ጠሪ የላቸውም። እዚህ ጠሪ አላቸው፣ ቤት የላቸውም። እኔ የቻልኩትን አደረግሁ» አለ ሲራጅ፤ የእሱም ዓይን ቀልቶ ነበር።

ሦስተኛው ልብስ ሰፊው ጉግሳ ነው፤ ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ከሙሴ ጎን ተቀምጦ የተረፈው። ጉግሳ መፈረምም ትቶ መውጣትም አያውቅም፤ ደሙ ፈልቶ ነው የሚኖረው። ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር በተጫወቱበት ቀን፣ ማስታወቂያው ሊጀምር ሲል፣ የጨርቅ መቀሱን ከካፖርቱ አውጥቶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ቆረጠው። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ጋሽ አጥናፉ እየሳሉ ጡሩምባቸውን አነሱ፤ ትንፋሽ ግን ከየት ይምጣ? ጉግሳ በባዶ ጉሮሮው መጥራት ጀመረ። ጥቂት ስም ጠራና ምላሱ ተሳሰረ፤ ለካ ረስቷቸዋል! እልሁ እንጂ ስሞቹ አልቀሩለትም። ይሄኔ በሲራጅ ሜዳ ስሞቹን የለመዱ፣ ያን ቀን ተደብቀው ስታዲየም የገቡ ልጃገረዶች ከመሃል ተነሥተው ተቀበሉት።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ማመን የእናንተ ነው። አንድ ስም ሲጠራ፣ ላይኛዋ እርከን ላይ አንድ ታጣፊ ወንበር ራሱን ጠቅ አድርጎ ይዘረጋል። ሌላ ስም፣ ሌላ ጠቅታ። «አለ!» የሚለው ሕዝብ ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ የሚሰማው ጠቅታው ብቻ ሆነ። ሰው ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ አጥናፉ ግን ቀና ብለው አዩ።

«ሙሴ አጥናፉ!» አለ ጉግሳ፤ ይህንንስ አይረሳውም።

ጠቅ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። የፌዴሬሽኑ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቡድኑ ያለ ተመልካች፣ በዝግ ስታዲየም እንዲጫወት ቀጣ። ጉግሳ ዕድሜ ልኩን ስታዲየም እንዳይረግጥ ታገደ። ድርጅቱም አኩርፎ የተጫዋቾቹን ደመወዝ ያዘ፤ በረኛው ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ ገባ። ባዶው ደረጃ ላይ የቀሩት ሙታኑ ብቻ ሆኑ፤ ሕያው የሚባል አንድም ሰው የለም። የሙሴ ጥያቄም ተለወጠ። «አባዬ፣ ሰው ሁሉ የት ሄደ?» ይላቸው ጀመር። ጋሽ አጥናፉን ይህኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይበልጥ አስፈራቸው። በስንት ልመና ስታዲየሙን ያስከፈተችው ያችው ወይንሸት ናት። የድርጅቱን ማስታወቂያ ዳግም ማንም እንዳያቋርጥ ዋስ ሆና ነው።

ስታዲየሙ በሚከፈትበት እሑድ ጠዋት ሦስቱም ጋሽ አጥናፉ ቤት ተገናኙ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ተደግፈው ጡሩምባውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነው።

«ደረጃው የቆመው በእኔ ነው» አለች ወይንሸት። «ታግሼ ደቂቃዋንም አስመልሳለሁ።»

«እስከምታስመልሺ ማን ያስታውሳቸዋል?» አላት ሲራጅ። «ስሞቹን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ልጆቼ ባይኖሩ ያን ቀንስ ማን ይጠራ ነበር?»

ጉግሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «እኔ ስታዲየም አልገባም፣ ስሙንም ከነሲራጅ መማር አለብኝ» አለ። «ግን ጋሼ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ልጅዎን ያሰማዎት አለ? ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እነፋዋለሁ።»

ጋሽ አጥናፉ ወደ በሩ ዞሩ። ያን ጊዜ ሦስቱም ሰሙት። ከደጃፉ ነው፣ ጥርት ያለ የወጣት ድምፅ።

«አባዬ፣ ዛሬ ጨዋታ አለ?»

የጉግሳ ፊት አመድ መሰለ። ወይንሸት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አለ ልጄ፣ መጣሁ» አሉ ጋሽ አጥናፉ፤ ጡሩምባውንም በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ዘረጉ። ሦስት እጆችም ወደ እሳቸው ተዘረጉ። የቀራቸው አንድ ትንፋሽ ነው፤ በእሱ መናገር የሚችሉት አንድ ስም ብቻ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ቤቱን ያተረፈችው፣ ስማቸውን ያተረፈው፣ ድምፃቸውን የመለሰው፤ ሦስቱም ያለሌላው እንዳልሆነላቸው ሰምታችኋል፣ እያንዳንዳቸው ያጠፉትንም ሰምታችኋል። ሽማግሌው እጃቸው እየዛለ ነው፣ ልጁም ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ጡሩምባው የሚገባው ለማን ነው?