ሁለት ወይፈን በአንድ ቀንበር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ድረስ፣ ፊደል ያስቆጠሯት ስመኝ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ። ስመኝ ዛሬ የገጠር አስተማሪ ናት። አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን የምታስተምረው እሷ ብቻ ናት፤ «ባንድ ክፍል ላስተምራቸው ወይስ ለይቼ ጠዋትና ከሰዓት ልቀበላቸው?» ብላ ነው የመጣችው።

ያ ሰው ገበሬ ነው። ሁለት የበሰሉ በሬዎችና «የነገ ጥማዴ» የሚላቸው ሁለት ወይፈኖች ነበሩት። ጠዋት አንዱን በሬ ከአንዱ ወይፈን ጋር ይጠምዳል፣ ከሰዓት ሌላውን ከሌላው። ወይፈኑ ሲወላገድ በሬው ቀጥ አድርጎ ይስበዋል፤ ትልሙ ጫፍ ላይ በሬው ሲዞር አይቶ ይዞራል። ወይፈን የሚገራው እንዲህ ነው፤ አባቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን አንድ ባለጸጋ በማሳው ዳር ሲያልፍ ቆሞ ሳቀበት። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ሲባል አልሰማህም? በሬህን እኮ ጥጃ አደረግኸው። አቻን ከአቻ ጥመድ እንጂ!»

ነገሩ ገበሬውን ሲከነክነው አደረ። በማግስቱ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠመደ። አይ የዚያን ቀን እርሻ! ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን ማሳ እኩለ ቀን ሳይሞላ ገለበጡት። ከሰዓት ወይፈኖቹን ሊጠምድ ሲነሳ ሚስቱ፣ «አንተ ሰው፣ እነዚህን ማን ሊያሳያቸው ነው?» አለችው።

«እኔ አለሁ አይደል?» አላት።

ማሳው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወይፈኖቹ መጀመሪያ ደህና ሄዱ። የትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ወደ ቀኝ ሲስብ ሌላው ወደ ግራ ሳበ። ደነበሩ። እርፉ ከእጁ አመለጠ። አንዱ አፋፉን ስቶ ሲወድቅ ቀንበሩ ሁለተኛውን ጎትቶ አስከተለው። ገበሬው ክው ብሎ ቀረ። ጅራፉ እጁ ላይ ነው፣ ከፊቱ ግን ምንም የለም። ከበረት በሬዎቹ ጓደኞቻቸውን ሲጣሩ ይሰማዋል።

ስመኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሁለቱም የኔታ?»

«ሁለቱም። እኔንም ሳስበው ይዘገንነኛል። እንግዲህ ልጄ፣ ወይፈኖቹ አንደኛ ክፍሎችሽ ናቸው፣ በሬዎቹ ሁለተኛዎቹ። በሬዎቹ ለብቻቸው እንደ ፈጠኑ አልክድሽም፤ ታላላቆቹ ብቻቸውን የሚሮጡበት ጥቂት ሰዓት ስጫቸው። የቀረውን ግን አንድ ላይ ጥመጃቸው። ታዲያ ትልቁ ልጅ አለ ብለሽ ጥላ ስር እንዳትቀመጪ፤ ያኔ የበሬው አንገት ይላጣል። እርፉን አጥብቀሽ ያዢ። ‹እኔ አለሁ› ያለው ገበሬ እኮ አልዋሸም፤ ነበረ። ግን የቆመው ከኋላቸው ነው፤ እነሱ ያጡት ከጎናቸው የሚሄደውን ነው።»