ሦስተኛው ሽማግሌ

አንድ ቀን፣ በሁዳዴ ጾም መካከል፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ የአንዲት ትንሽ የግል አየር መንገድ አውሮፕላን ሰባ መንገደኛ ይዛ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ልትበር ተሰናድታለች። የድርጅቱ የበረራ ሥራ ኃላፊ አቶ ምንውየለት ይባላሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፣ እጃቸው ብቻ አይፈታም። የበረራ አስተናጋጆች አለቃዋ ደግሞ ውድነሽ ናት። አቶ ምንውየለት ሲቀልዱ «ያቺን ልጅ ስሟን ስጠራ ራሱ ያመኛል» ይላሉ አሉ።

የዚያን ዕለት ከውድነሽ ጋር የምትበረው አስተናጋጅ መንገደኛው መግባት ሲጀምር ሆዷን ቁርጠት ያዛትና ደግፈው ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ ለዚያን ያህል ሰው ሁለት አስተናጋጅ ግድ ነው ይላል። ውድነሽ ወደ አለቃዋ ሮጠች። አቶ ምንውየለት ሩቅ አልነበሩም። የወንድማቸው ልጅ ጎንደር ውስጥ የወደዳት ልጅ አለችና እሷን ሊጠይቁለት፣ በዚያችው አውሮፕላን ሊሄዱ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር መሳፈሪያው በር ላይ ቆመዋል።

«ጋሽ ምንውየለት፣ አንድ ሰው ጎደለብን። ተጠባባቂዋ ትጠራልን።»

«ተጠባባቂ ስትጠራ መኪና አለ፣ አበል አለ። ለመሆኑ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«አርብ።»

«ያውም የሁዳዴ አርብ! የሚበላ የለ፣ የሚጠጣ የለ። ሁለት ሆናችሁ ምን ልታስተናግዱ ነው?»

«መንገደኛው ይጹም ጋሼ፣ እሳት ግን አይጾምም። ጭስ የተነሳ ዕለት በሩ ከፊትም ከኋላም ነው፣ እኔ አንድ ነኝ።»

«ስንት ዓመት በረርሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«እሳት ተነስቶብሽ ያውቃል?»

«ተመስገን፣ አንድም ቀን።»

«በቃ! ለካፒቴኑ ‹አስተናጋጆቹ ሞልተናል› በይውና እንነሳ። እምቢ ካልሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ። ነገ እንዳትመጪ። ደንብ ደንብ ስትሉ ድርጅቱን ልትዘጉት ነው!»

ውድነሽ ክው አለች። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ካፒቴኑን ብትዋሸው ሰባ ሰው በእሷ ነፍስ ላይ ነው፣ ባትዋሸው ልጆቿ ናቸው። የሁለቱን ሽማግሌዎች ጋቢ አየት አደረገች።

«እንግዲያው ይግቡ ጋሼ» አለች። «የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ።»

«ቆይ፣ ቆይ! ሦስተኛው ሽማግሌያችን መምሬ ጥሩነህ አልመጡም። ቅዳሴው ይዟቸው ነው። ትንሽ እንጠብቃቸው።»

«ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱስ?»

አቶ ምንውየለት የተሰደቡ ያህል ደነገጡ። «በሁለት ሰው ልጅ ሲጠየቅ የት አይተሻል? የልጅቱ አባት ጥብቅ ሰው ናቸው። ‹ንቃችሁን ነው› ብለው ከደጅ ነው የሚመልሱን። ደንብ አለው እኮ ልጄ!»

«የሚናገሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ? መምሬ ምን ሊሠሩ ነው?»

«ምንም አይሠሩም፣ ቁጭ ይላሉ። ነገሩ የተበላሸ እንደሆነ ግን መሀል ገብተው የሚያበርዱት እሳቸው ናቸው።»

«ስንት ጊዜ ሽምግልና ሄደዋል?»

«ኧረ ስንቱን! ግማሹን ጎረቤት የዳርኩት እኔ ነኝ።»

«ተበላሽቶብዎት ያውቃል?»

«ተመስገን፣ አንድም ቀን» አሉ አቶ ምንውየለት ደረታቸውን ነፍተው። ወዲያው ይህን ቃል አሁን ከማን አፍ እንደሰሙት ትዝ አላቸውና የነፋው ደረታቸው ተመልሶ ወረደ።

ውድነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ቢበላሽ የምትመለሱት ከሰው ደጅ ነው። እኛ እላይ ሆነን ቢበላሽብን ከማን ደጅ ነው የምንመለሰው?»

አብረዋቸው የቆሙት ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አቶ ምንውየለት ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ አውሮፕላኗ አዩ፣ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለስምሪት ክፍሉ ደወሉ።

«ተጠባባቂዋን ባስቸኳይ ላኩልን» አሉ። «ስትመጣ በዚያው መምሬ ጥሩነህን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ታንሳቸው። ሁለት መኪና ምን ይሠራል?»