ዝገቱን ሳይነኩ

ምላሱ ከዝገት መፋቂያው የሰላ ቀለም ቀቢ ነበር አሉ። አንድ ቀን የከተማው የንግድ ፈቃድ ኃላፊ አቶ ስንሻው የመኪናቸውን አራት የዛገ ቸርኬ ይዘው መጡና የዱቄት ቀለም እንዲቀባላቸው አዘዙ። ዋጋውን ሲሰሙ ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ለቀለም ይህን ያህል?»

«ጌታዬ፣ ቀለሙስ ርካሽ ነው» አለ ቀቢው፤ ማስረዳት ይወዳል። «ውዱ ከሥሩ ያለው ሥራ ነው። አሮጌው ቀለም ይላጣል፣ ዝገቱ በአሸዋ ይጠረጋል፤ ከዚያ ዱቄቱ ተነፍቶበት እንደ ዳቦ ሲጋገር ብረቱን አንቆ ይይዛል። ጠጠር እንኳ ቶሎ አይልጠውም። ዝገት ላይ ከተነፋ ግን ክረምቱንም አይሻገርም።»

«እንግዲያው ዝገቱን ተወውና በግማሽ ዋጋ ከላይ ቀባው። ዐሥር ዓመት እንደማይላጥም ፈርምልኝ። አለዚያ ፈቃድህ አይታደስም።»

ወረፋ ይዘው የነበሩ ባለታክሲዎች ለመስማት ጠጋ አሉ። ቢፈርም ቀለሙ ተልጦ ያስከስሰዋል፤ ባይፈርም ሱቁ ይዘጋል። ቀቢው ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ለአቶ ስንሻው ዘረጋላቸው።

«ይሁን፣ ጌታዬ። መሥሪያ ቤትዎ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ተሻሻለ ተብሎ ታፔላው አዲስ ተቀብቷል፤ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ያ መሻሻል ዐሥር ዓመት እንደሚቆይ እርስዎ ከላይ ይፈርሙ፤ እኔም የቸርኬውን ከሥር እፈርማለሁ።»

አቶ ስንሻው እስክሪብቶውን አዩት፤ ሳቃቸውን ያፈኑትን ባለታክሲዎችም አዩ።

«በል ዝገቱን ፋቀው» አሉ።