አልነሣም ያለችው ምድጃ

ተረቴን ስሙ፤ የሚያዛጋ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ።

በአያ መንበሩ ጉበት ውስጥ ዓይን የማያያት አንዲት ሕዋስ ትኖር ነበር። ምግብ አንድዳ ጉልበት የምታወጣባት ምድጃዋ አርጅታ ተሰነጠቀችና ቤቱን በጢስ አፈነችው። ሕዋሲቱ የፈለገችው ይህችኑ ነው፤ አሮጌዋ ፈርሳ፣ ጭቃዋ እንደገና ተቦክቶ፣ አዲስ ምድጃ እንዲሠራ። ተነሽልኝ ብትላት አልነሣም አለች። የማይረባ ነገር መቀመጫ ሲወድ!

ሕዋሲቱ ወደ ሽፋን ሄደች። ሽፋን እንደ ነጠላ የሳሳች፣ ያረጀውን ሁሉ እንደ ሬሳ የምትገንዝ ናት። ምድጃ አትነሣም፤ ጠቅልያት አለቻት። ክንዴን አሞኛል አለች። ክንድ እንኳ የላት፣ ውሸታም።

ወደ ከረጢት ሄደች። በሆዱ የቋጠረው ኮምጣጣ ያገኘውን ያሟሟል፤ የራሱ ስስ ቆዳ ባያግደው ቤቱንም በበላው። ምድጃ አትነሣም፣ ሽፋን ምድጃን አትጠቀልልም፤ ሽፋንን አሟሟት አለችው። ማን ቀሰቀሰኝ ብሎ ዞሮ ተኛ።

ወደ ረሃብ ሄደች። ምድጃ አትነሣም፣ ሽፋን ምድጃን አትጠቀልልም፣ ከረጢት ሽፋንን አያሟሟም፤ ከረጢትን ቀስቅሰው አለችው። አፍ መች ባዶ ሆኖ ልግባ አላት።

ወደ አፍ ጮኸች። ምድጃ አትነሣም፣ ሽፋን ምድጃን አትጠቀልልም፣ ከረጢት ሽፋንን አያሟሟም፣ ረሃብ ከረጢትን አይቀሰቅስም፤ ለረሃብ ቦታ ልቀቅ አለችው። አፍ ምን ይመልስ፣ ሞልቷል! የመንበሩ ሚስት አስካለ፣ ባሌ የደከመው ባይበላ ነው ብላ ከንጋት ጀምራ ታጎርሰዋለች። በየጉርሻው «በሞቴ» ትላለች። በሰው ሞት ተለምኖ አፉን የሚዘጋ ማን አለ? ፍቅሯ ሊገድለው ነው፣ ደንቆሮ።

ሕዋሲቱ በንዴት አበደች። ምድጃ አትነሣም፣ ሽፋን ምድጃን አትጠቀልልም፣ ከረጢት ሽፋንን አያሟሟም፣ ረሃብ ከረጢትን አይቀሰቅስም፣ አፍ ለረሃብ ቦታ አይለቅም፣ የአስካለ እጅ ከአፍ አይነሣም ብላ ብትጮህ፣ መንበሩን ጎኑን ወጋው። የሚስቱን እጅ ያዘ።

«አስካለ፣ አንቺ አትሙቺብኝ። በእኔ ሞት፣ ተይኝ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ።

ያኔ አፍ ባዶ ሆነ፣ ረሃብ ገባ፣ ረሃብ ከረጢትን ቀሰቀሰ፣ ከረጢት በሽፋን ላይ ተነሣ፣ ሽፋን ደንግጣ ምድጃን ጠቀለለች፣ ምድጃ አሁን ልነሣ አለች። ማን ይሰማታል! የከረጢት ቆዳ ከሽፋን ጋር ገጠመ፣ ኮምጣጣው ፈሰሰ፣ ምድጃ ሟሟች፣ ሽፋንም ከነክንድ ሕመሟ ሟሟች። ሕዋሲቱ ፍርፋሪውን ለቅማ አቦካችና ጢስ የሌላት አዲስ ምድጃ ሠራች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ጉርሻውን ለራሳችሁ።