በሽንኩርቱ ውስጥ ያልነበረው አረንጓዴ

አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስካለ የሚባሉ የባዮሎጂ መምህርት ነበሩ። በየዓመቱ ሁለት የመግቢያ ኮርስ ያስተምራሉ። የጠዋቱ ሐኪምና ተመራማሪ መሆን ለሚመኙ የሳይንስ ተማሪዎች ነው። የከሰዓቱ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ፣ ሕግ፣ ቋንቋና ታሪክ ለሚያጠኑ፣ ባዮሎጂን አንድ ጊዜ ቀምሰው ለሚሄዱ ነው። ላብራቶሪው ያው አንድ ነው፤ ማይክሮስኮፖቹም እነዚያው ናቸው፤ ሽንኩርቱም የሚመጣው ከአንድ ጉሊት ነው።

የጠዋቶቹ ግን የከሰዓቱን ክፍል «ሽርሽር» ብለው ይጠሩታል። የከሰዓቶቹም ስሙን የተቀበሉት ይመስላል። ላብራቶሪ ሲገቡ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ግድግዳውን ተጠግተው ይቆማሉ።

መምህርት አስካለ በመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም ክፍል የሚናገሩት አንድ ነው። «በማይክሮስኮፕ ያያችሁትን ሳሉ። ያላያችሁትን አትሳሉ። ስትሠሩ ያበላሻችሁት ካለም ከሥዕሉ ሥር ጻፉት» ይላሉ። ጠዋት ይህን ተናግረው ወዲያው ወደ ምዕራፉ ይሮጣሉ፤ የሳይንስ ተማሪ መሸፈን ያለበት ብዙ ነውና። ከሰዓት ግን ጊዜ አለ። አንድ ተማሪ በአንዲት የሽንኩርት ሽፋን ላይ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቢያጠፋ የሚቆጣው የለም።

ከከሰዓቶቹ መካከል ማንያህልሻል የምትባል የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች። መጀመሪያ ቀን ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየችና «ቲቸር፣ እኔ ያገኘሁት ህዋስ እግር አለው» አለች።

መምህርቷ ጎንበስ ብለው አዩላት። «የራስሽ ሽፋሽፍት ነው የኔ ልጅ። ዓይንሽን ትንሽ አራቂው» አሏት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያየችው ነገር ከየት እንደመጣ ሳታጣራ እርሳስ አታነሳም ነበር።

ማይክሮስኮፖቹ ጥቂትና ያረጁ ስለነበሩ አንድ ቀን የኮሌጁ ዲን መምህርት አስካለን አስጠሯቸው። ዲኑ በሙያቸው የምጣኔ ሀብት ሰው ናቸው።

«ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የከሰዓቱ ክፍል ላብራቶሪ አይገባም፤ በሥዕል ይማር» አሉ። «እኔም ተማሪ ሳለሁ በሥዕል ነው የተማርኩት፤ ምን ጎደለብኝ? ደግሞስ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሽንኩርት ህዋስ አየ አላየ ምን ይለውጣል?»

መምህርቷ ደማቸው ፈላ፤ ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። «ሁለቱንም ክፍል አንድ ፈተና ይፈትኑና ይወስኑ» አሉ። ዲኑም ተስማሙ። የከሰዓቱ ክፍል ዝቅተኛ ውጤት ካመጣ ላብራቶሪው ይዘጋበታል።

ፈተናው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ከሽንኩርቱ ስስ ሽፋን ይልጣል፣ ህዋሱ ጎልቶ እንዲታይ አዮዲን ጠብ ያደርግበታል፣ በትንሽ ስስ መስታወት ይከድነዋል፣ ከዚያ አይቶ ይስላል፤ የህዋሱን ክፍሎች ስምም ይጽፋል።

የከሰዓቶቹ ፈተናው ምን እንደሚያስከትል ያውቁ ነበር። የማንያህልሻል ጓደኛ ሥዕሏን አጮልቃ አየችና በሹክሹክታ «አንቺ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ጨምሪበት እንጂ! ክፍላችን ሊዘጋ ነው እኮ» አለቻት።

ማንያህልሻል የመጽሐፉን ሥዕል በቃሏ ታውቀዋለች። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፕላስት፣ ለህዋሱ ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድሪያ፣ ሁሉንም ከነቦታው መሳል ትችላለች። እንደገና በማይክሮስኮፑ አየች። ከዚያ «የለማ፤ ምን ላድርግ?» አለችና የሳለችውን ብቻ አስረከበች።

ዲኑ ከመጽሐፉ የተዘጋጀውን መልስ ይዘው ራሳቸው አረሙ። የጠዋቱ የቀለም ቀንድ አቤኔዘር አንድም ሳይጎድለው ሁሉንም አገኘ። ሥዕሉ ከመጽሐፉ የተቀደደ ይመስላል፤ ክሎሮፕላስቶቹን ሳይቀር በአረንጓዴ እርሳስ አሳምሯቸዋል። ማንያህልሻል ግን ከነክፍሏ ወደቀች። ወረቀቷ ላይ ያሉት በተርታ የቆሙ ግድግዳዎች፣ በየግድግዳው ውስጥ አንድ አንድ ነጥብ፣ ዳር ላይ ደግሞ ጠርዙ የጠቆረ አንድ ክብ ናቸው። ከክቡ ሥር «ይህ ህዋስ አይደለም፤ የአየር አረፋ ነው። መስታወቱን በችኮላ ስለከደንኩ ነው የገባው» ብላ ጽፋለች።

ዲኑ ሳቁ። «ሽንኩርት ሳሉ ብንላቸው አረፋ ስለው መጡ! እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ» አሉ።

«አላለቀም» አሉ መምህርት አስካለ። «መጽሐፉን አይተው አርመዋል። ሽንኩርቱን ግን አላዩትም።»

ዲኑ ቅር እያላቸው ላብራቶሪ ወረዱ። መምህርቷ ሁለቱን ተማሪዎችም አስጠሩ። አቤኔዘር የፈተናውን ሽንኩርት በሁሉም ፊት ልጦ በማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠው። ዲኑ ዝቅ ብለው ቆዩና «ጥቁር ጥቁር ነገር፣ እግር ያለው…» ማለት ጀመሩ።

«የራስዎ ሽፋሽፍት ነው ጌታዬ» አለች ማንያህልሻል በትሕትና። «ዓይንዎን ትንሽ ያርቁት። እኔም መጀመሪያ ቀን እንደዚሁ ሆኜ ነበር።»

ዲኑ ዓይናቸውን አራቁ። ከዚያ እንደገና አዩ። እኚህ ትልቅ ሰው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ህዋስ ማየታቸው ነው። «እንደ ግንብ ተደርድሮ የለም እንዴ!» አሉ። «በየውስጡ አንድ አንድ ነጥብ አለ። ልክ እንደ ልጅቷ ሥዕል። አረንጓዴው ግን የታለ?»

መምህርት አስካለ መልሱን ቢያውቁም ወደ አቤኔዘር ዞሩና «አንተ ስለኸዋልና አሳያቸው» አሉት።

አቤኔዘር ጎንበስ አለ። ሽንኩርቱ ያረፈበትን መስታወት ወዲህና ወዲያ ገፋው። ሊያመልጥ የሚችልበት መንገድ ነበረው፤ ማይክሮስኮፑ አርጅቷል ቢል ሁሉም ያምነዋል። ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የቀረ ስንት ሰው አለ። አቤኔዘር ግን ቀና አለ።

«የለም» አለ። «ይህ ሽንኩርት መሬት ውስጥ ያደገ ነው፤ ፀሐይ አላየም፤ አረንጓዴ ከየት ያመጣል? ከመጽሐፉ ነው የሳልኩት። የጠዋቱ ክፍል ሁላችንም ከመጽሐፉ ነው የሳልነው። እሷ ናት ያየችው።»

የመምህርት አስካለ ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ታሪክ ለምትሰሙ ሁሉ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ደረቴ ይነፋል።

ዲኑ ወረቀቶቹን አገላበጡ። «ታዲያ ለዚህ ልጅ ስንት ልስጠው?»

«ለሥዕሉ ዜሮ ይስጡት» አሉ መምህርቷ። «አሁን ለተናገረው የሚሆን ማርክ የለንም። ዛሬ ግን በሁለቱም ኮርቻለሁ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ጠዋት ጠዋት ምዕራፍ ሳሳድድ ማየትን ዘልዬዋለሁ።»

ላብራቶሪው አልተዘጋም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያውን ሥራ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ ይሠሩታል፤ አንድ የጠዋትና አንድ የከሰዓት ተማሪ በአንድ ማይክሮስኮፕ። የማንያህልሻል ሥዕልም ከነአረፋው በላብራቶሪው በር ላይ ተሰቀለ። «ሽርሽር» የሚለው ስም ወዲያው ጠፋ አልልም፤ ስም ቶሎ አይለቅም።

ማንያህልሻል ባዮሎጂስት አልሆነችም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነች። ከዓመታት በኋላ አለቃዋ «የገዛነው ሲሚንቶ መጋዘን ገብቷል፤ ፈርሚ» አላት። እሷም ብዕሯን አስቀመጠችና «መጋዘኑን ክፈቱልኝ፤ ልየው» አለች። ሲከፈት መጋዘኑ ባዶ ነበር።

«ምን ይለውጣል?» የሚለው የዲኑ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያን ቀን ነው።

እውቀት የሌሎችን ሥዕል ማስታወስ ብቻ አይደለም። እውቀት ያዩትን አየሁ፣ ያላዩትን አላየሁም፣ ያበላሹትንም እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለት ነው። ይህን ለሐኪሙም ለሒሳብ ሠራተኛዋም እኩል የሚያስተምር ክፍል ሽርሽር አይባልም። እናንተስ፣ ሰው ሁሉ ስለሳለው ብቻ እናንተም የሳላችሁት፣ ዝቅ ብላችሁ ግን አይታችሁት የማታውቁት አረንጓዴ የትኛው ነው?