ጃርት ያልተቀበለው ጉርሻ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ የድንች እርሻ በነበረው ዘመን (አትሳቁ፣ ነበረው!) ጃርት እዚያ ቆፋሪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ድንቹን ሳይቆርጥ ያወጣል፤ አህያ ተሸክማ ጎተራ ታደርሳለች። ጃርት ብዙ አያወራም። ሲጮኹበት ወይም ሳያስበው ሲነኩት እሾሁ ብድግ ይላል። ይህን ጠባዩን የነገረው ለአህያ ብቻ ነበር። «ተቆጥቼ አይደለም፣ ደንግጬ ነው። ትንሽ ከተዉኝ ይተኛል» ብሏታል።

አለቃቸው ቀበሮ ግን የጃርትን ቦታ ለእህቷ ልጅ ፈልጋዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጅብን ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ጃርት ለብቻው የሚበላው ለምን ይመስልሃል? ንቆህ እኮ ነው! እስቲ አጉርሰው።»

ጅብና ጉርሻ! ወይ ጉድ! ለእናቱ እንኳ አጥንት የማያካፍለው ጅብ፣ ምግቡ እያሳሳው ጠቅልሎ ጃርት አፍ ላይ ደቀነ።

«በሞቴ!»

«ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ ጃርት።

«አፈር ስሆን! አንዲት!» ጅብ እየጮኸ አንገቱን ይዞ ሊያጎርሰው ታገለ። የጃርት እሾህ ብድግ! የጅብ አፍንጫም ተወጋ።

ቀበሮ ይህን ነበር የምትጠብቀው። እየሮጠች አንበሳ ዘንድ ደረሰች። «ጌታዬ፣ ጃርት ጉርሻ ንቆ ባልደረባውን ወጋ! ነገ እርስዎንስ?»

አንበሳ ጃርትን አስጠራው። ጅብ ያለቅሳል፣ ቀበሮ ትጮኻለች፣ ግቢው ተናወጠ። ጃርት በጩኸቱ ደንግጦ ኩርምት አለ፤ እሾሁም አልተኛ አለ።

«ይኸው፣ እርስዎ ፊት እንኳ!» አለች ቀበሮ።

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺ አብረሽው ትሠሪያለሽ። እውነት ጠበኛ ነው?»

አህያ ሁሉንም ታውቃለች፤ ምሳ ላይ አጠገባቸው ነበረች። ግን ገብሷን የምትሰፍርላት ቀበሮ ናት፤ እሷም አፍጥጣባታለች።

«እኔ… ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አላየሁም» አለች።

ጃርት በዚያው ዕለት ተባረረ።

ከዚያ ወዲህ አህያን ገብሱ አልዋጥ አላት። ምስኪን! በመጨረሻ ጨክና አንበሳ ፊት ቀረበችና እውነቱን ተናገረች።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ!» አለ አንበሳ አዝኖ። «በይ ሂጂ፣ ጥሪው።»

ጃርትን ያገኘችው ገደል ሥር፣ ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ከስቷል።

«ጃርቴ፣ ይቅር በለኝ። ና፣ ሥራህ ይመለስልሃል።»

«ጠበኛ ነው ተብዬ የሚቀጥረኝ አጣሁ» አለ ጃርት ሳይወጣ። «ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አልመጣም። እዚያ የማምነው አንቺን ብቻ ነበር።»

አህያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ብዙ ለመነችው። አልወጣም። እያለቀሰች ብቻዋን ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ባልደረባችን ጠባዩ ከእኛ ስለተለየ ብቻ ሲበደል እያየን ዝም ካልን፣ በኋላ የምናፈሰው እንባ እንጀራውንም እምነቱንም እንደማይመልስለት ነው።